ሀበሻ፣ ሳሶና ቦቫንስ በአንድ ጓሮ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ቡሬ ከተማ ዳር ይኖራሉ። ጓሯቸው ውስጥ 7 የሀበሻ ዶሮዎችና አንድ አውራ አሏቸው፤ ተከትበው አያውቁም። በሚያዝያ መጨረሻ ከአሳዳጊ ላይ 45 ቀን የሞላቸው 15 ሳሶና 10 ቦቫንስ የሚባሉ የውጭ ዝርያ ወጣት ዶሮዎች ገዙ። ሁሉንም 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ አስገቧቸው። «ነባሮቹ አዲሶቹን ጭንቅላታቸውን እየወቀሩ አደሟቸው፤ እህል አያስቀርቧቸውም። በሳምንቱ ሦስት ሳሶና አንድ ቦቫንስ ተኮራምተው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ ደም እያስቀመጣቸው ሞቱብኝ። የሀበሾቹ ምንም አልሆኑም። ቴትራሳይክሊን በውኃ በጥብጬ ሰጠሁ፤ ለውጥ የለም። አንዷ ነባር ደግሞ ታቅፋለች። እነዚህ ዶሮዎች አብረው መኖር አይችሉም ማለት ነው? መኖውስ አንድ ዓይነት ይሁን?» ብለዋል።

እህቴ፣ አብረው መኖር ይችላሉ። ግን አሁኑኑ አይደለም። ደግሞም አንድ ቤት ስላደሩ ብቻ ሦስቱም አንድ ዓይነት ዶሮ አይሆኑም። ጠቡም፣ በሽታውም፣ የመኖው ግራ መጋባትም የመጣው ከዚህ ነው። ዕድሜያቸው ይለያያል፣ ሰውነታቸው የለመደው በሽታ ይለያያል፣ ሆዳቸው የሚፈልገውም ይለያያል። ይህን ይዘን አንድ በአንድ እንየው።

ጠቡን ለጊዜው እንተወውና የቀሩትን 21 ወጣቶች እናትርፍ። ደም የተቀላቀለበት ኩስ፣ መኮራመት፣ ክንፍ መጣል፣ ዕድሜያቸው ደግሞ ሁለት ወር ያልሞላ። ይህ ሁሉ ሲደመር በጣም የምጠረጥረው ኮክሲዲዮሲስን ነው። ፈንግል ይሆን ብለው ሳይሰጉ አይቀሩም። ፈንግል ቢሆን ኖሮ ግን ያልተከተቡት የሀበሾቹ ዝም ብለው አይቀመጡም ነበር፤ እንዲያውም መጀመሪያ የሚረግፉት እነሱ ነበሩ። የፈንግል ምልክቱም ሌላ ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ እየተነፈሱ ማቃሰት፣ ከዚያ አንገት መጠምዘዝና እግር መያዝ። እርስዎ የነገሩኝ ይህን አይመስልም።

ኮክሲዲዮሲስን የሚያመጣው አንጀት ውስጥ የሚራባ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ነው። ከኩስ ጋር ይወጣል፤ እርጥብና ሞቅ ያለ ጉዝጓዝ ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ዶሮ የመያዝ አቅም ያገኛል። ነባሮቹ በጫጩትነታቸው ቀምሰውት ስላለፉ ሰውነታቸው ለምዶታል። ጤነኛ ሆነው እየታዩ ግን ከኩሳቸው ጋር ያወጡታል። የእርስዎ ሳሶና ቦቫንስ ደግሞ ደረቅና ንጹህ ጉዝጓዝ ላይ ያደጉ ናቸው። መኪና ላይ ተንገላተው መጡ፣ ቤት ተቀየረባቸው፣ ተወቀሩ፣ ተራቡ፤ በዚህ ላይ የነባሮቹን ኩስ እየጫሩ ለቀሙ። ታዲያ እንዴት አይታመሙ?

መድኃኒቱ አምፕሮሊየም ነው፤ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ይሸጡታል። ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በውኃ በጥብጠው ለአምስት ቀን ያህል ለ21ዱም ይስጡ፤ ለታመሙት ብቻ አይደለም። በእነዚህ ቀናት ሌላ ውኃ እንዳያገኙ ያድርጉ፤ አለዚያ መድኃኒቱን ትተው የዝናብ ኩሬ ይጠጣሉ። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አምፕሮሊየም ከቫይታሚን ጋር አብሮ መሰጠት የለበትም። ጥገኛውን የሚገድለው ቫይታሚን ቢ1 በመከልከል ስለሆነ፣ «ይጠንክሩ» ብለን ቫይታሚን ስንጨምር መድኃኒቱን እናከሽፈዋለን። ቫይታሚኑ ከአምስቱ ቀን በኋላ ይደርሳል።

ቴትራሳይክሊኑን ያቁሙ። እሱ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ኮክሲዲዮሲስን አይነካም፣ የፈንግልን ቫይረስም አይነካም። ከዚህም በላይ እንቁላል የሚጥሉት የሀበሾቹ ከዚያው መጠጫ ከጠጡ መድኃኒቱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። ያንን እንቁላል ልጆችዎ ይበሉታል። ስለዚህ የእነሱን እንቁላል ለጊዜው አይብሉ፣ አይሽጡ፤ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። ፌጦም፣ ሎሚም፣ በርበሬም፣ አረቄም ሰው ሲሰጥ አያለሁ። ዶሮዋን ለማትረፍ በቅን ልብ የሚደረግ ነው፤ ይህን በሽታ ግን አያድንም፣ ጊዜ ያስመልጣል።

መድኃኒት ከመስጠት እኩል የሚጠቅመው ጉዝጓዙን መለወጥ ነው። ያለውን ጠርገው ያውጡና ከጓሮ ራቅ አድርገው ይቅበሩት። ወለሉ ይድረቅ። ከዚያ ከግማሽ ስንዝር ያላነሰ ውፍረት ያለው ደረቅ ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ያንጥፉ። የጤፍ ጭድ ብቻውን ሲረጥብ ስለሚጋገር ከስንዴ ወይም ከገብስ ጭድ ጋር ቢቀላቀል ይሻላል። መጠጫውን ድንጋይ ላይ ያስቀምጡ፤ ልኩ የዶሮዋ ጀርባ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ከሆነ ጭረው አይሞሉትም፣ ኩሳቸውም አይገባበትም፣ ዙሪያውም አይጨቀይም።

አሁን አንድ ቢሞትብዎ አይጣሉት። በዚያው ቀን፣ ሳይሸት፣ በፌስታል ጠቅልለው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። ባለሙያው ሆዱን ከፍቶ ሁለቱን ዕውር አንጀቶች ያያል። አብጠው በደም ከተሞሉ ጥርጣሬዬ እርግጥ ሆነ ማለት ነው። ጉበቱ አብጦ የነሐስ መልክ ከያዘ ግን የዶሮ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሕክምናውም ሌላ ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ ምልክት ሰምቼ ነው የምናገረው፤ አንጀቱን ያየ ሰው ከእኔ ይበልጣል። ታሞ የሞተ ዶሮ አይበላም፣ ለውሻም አይጣልም። ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው፣ ኖራ ወይም አመድ ነስንሰው ይቅበሩት።

መድኃኒቱ በተጀመረበት ቀን ቤቱን ለሁለት ይክፈሉት። የሽቦ ወንፊት ውድ ከሆነብዎ እናንተ አካባቢ የእንጅባራ ቀርከሃ አለ። በደንብ ከተሰነጠቀና ጥቅጥቅ ብሎ ከተሠራ ግሩም መከፈያ ይወጣዋል። ከወለሉ 4 ካሬ ሜትሩን ለወጣቶቹ፣ 2 ካሬውን ለነባሮቹ ይስጡ። ነባሮቹ ቀን ጓሮ ስለሚውሉ አይጠባቸውም። ወጣቶቹ ግን እስኪያገግሙ ድረስ ነባሮቹ በሚጭሩበት መሬት ላይ አይልቀቋቸው።

ስለ ጠቡ የምለው ይኸ ነው። ዶሮ ቤት ውስጥ ማን ማንን እንደሚወቅር የተደለደለ ነው። አዲስ ሲገባ ድልድሉ እንደገና ይጀመራል፤ ትንሽ መወቃቀር አይቀርም። የእርስዎን ያከፋው የዕድሜ ልዩነቱ ነው። የሁለት ወር ቦቫንስ ከሁለት ዓመት የሀበሻ እናት ዶሮ ጋር ተደራድራ አታሸንፍም። የመሸሻ ቦታም አልነበራትም። ደግሞ ዶሮ ቀይ ነገር ታሳድዳለች። አንዴ ደም ከታየ ሌሎቹም ተቀላቅለው ይወቅራሉ። የደማውን ለብቻ አውጥተው ቁስሉን ጂቪ ይቀቡት። ቁስሉንም ያደርቃል፣ ቀዩንም ሐምራዊ አድርጎ ይሸፍናል።

የሚቀላቀሉት በ4 ወራቸው ገደማ፣ ቄቦቹ በቁመትና በክብደት ከሀበሾቹ ጋር ሲመጣጠኑ ነው። እስከዚያ በቀርከሃው በኩል እየተያዩ ይለማመዱ። የማቀላቀያው ሰዓት ምሽት ነው። ነባሮቹ ቆጥ ላይ ወጥተው ሲረጋጉ አዲሶቹን አንድ በአንድ አንስተው አጠገባቸው ያስቀምጧቸው። ዶሮ በጨለማ አትጣላም። ሲነጋ ቀድመው ይነሱና በሩን ከፍተው እህል ጓሮው ላይ ሰፋ አድርገው ይበትኑ። መመገቢያውም መጠጫውም ሁለት ሁለት ይሁን፤ በቤቱ ወዲያና ወዲህ ጥግ ይቀመጥ። እንዲያ ሲሆን አንዷ ኃይለኛ ሁለቱን ማዘዝ አትችልም። ቆጡንም በአንድ ከፍታ ይሥሩት። ደረጃ በደረጃ ከሆነ ላይኛው ላይ ለመውጣት በየማታው ጠብ አለ። ሳሶ ከባድ ስለሆነ ቆጡ ከወገብ በላይ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ሲወርድ እግሩን ይጎዳዋል። ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ይበቃታል።

ማን እየተራበ እንደሆነ ለማወቅ ቀን ቆሞ ከማየት ይልቅ ማታ መዳሰስ ይሻላል። ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ በስልክ መብራት ይግቡ። አንገቷ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለች የእህል ከረጢት አለች። ያቺ ሞልታ እጅ ላይ ከተሰማች ዶሮዋ በልታለች። ባዶ ከሆነች፣ ያችኛዋ ቀኑን ሙሉ ስትባረር ውላለች ማለት ነው። ሦስት ማታ ይህን ቢያደርጉ የትኞቹን መለየት እንዳለብዎ ማንም ሳይነግርዎ ያውቁታል።

ወደ መኖው ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሁሉም የእንቁላል ጣይ መኖ መስጠት አይገባም። የጣይ መኖ ለቅርፊት ሲባል ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። በማደግ ላይ ያለ ቄብ ግን 1 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ትርፉ ኩላሊቷን ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚታየው ደግሞ መጣል ስትጀምር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። እስኪጥሉ ድረስ ለሁሉም የታዳጊ መኖ ይስጡ፤ ለሚጥሉት የሀበሾቹ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ወይም ተቆልቶ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ያስቀምጡላቸው። የምትጥለዋ ዶሮ ራሷ ሄዳ የሚያስፈልጋትን ትለቅማለች፤ ቄቦቹ ብዙም አይነኩትም። ቅርፊቱ መልኩ እስኪጠፋ ድረስ ይድቀቅ፤ ካለዚያ እንቁላል መስበር ይለምዳሉ። ቦቫንሶቹ በ18 እና በ20 ሳምንታቸው መካከል መጣል ሲጀምሩ ወደ ጣይ መኖ ይዞራሉ።

መኖ ራሳቸው ለሚያዘጋጁ ሰዎች ለጣይ ዶሮ የምነግረው ድብልቅ ይህ ነው፦ ከ100 ኪሎ 50 በቆሎ፣ 12 ፉሩሽካ፣ 18 የኑግ ፋጉሎ፣ 10 የተቆላ አኩሪ አተር፣ 8 የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 1 ኪሎ ተኩል የአጥንት ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ ጨው። ከዚህ ላይ የቫይታሚንና የማዕድን ቅይጥ በማሸጊያው መጠን ይጨመራል። ለታዳጊዎቹ ኖራውን ወደ 1 ኪሎ ተኩል ዝቅ አድርገው በፉሩሽካና በበቆሎ ይተኩት። አኩሪ አተሩ ሳይቆላ አይሰጥም፤ ጥሬው ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ ያግዳል። ግብጦም እንዲሁ ነው። ጎጃም ውስጥ ግብጦ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፤ ግን መራራነቱ መርዝ ነው። ቆልተው ለቀናት ውኃ እየቀያየሩ ካልነከሩት ለዶሮ አያስቡት።

በቆሎው ላይ ደግሞ አደራ እላለሁ። ቡሬ፣ ወንበርማና ጃቢ ጠህናን የበቆሎ አገር ናቸው፤ እህሉ ቅርብ ነው። ሰው ግን ለራሱ ደህናውን ያስቀርና ሻጋታ የነካውን «ለዶሮ ይሁን» ይላል። የሻገተ በቆሎ የዶሮን ጉበት ያበላሻል። በአንድ ቀን አይገድል ይሆናል፤ እድገታቸው ይቆማል፣ እንቁላል ይቀንሳል፣ የተሰጣቸው ክትባት እንኳ በደንብ አይዝላቸውም። ለመዝራትም ለመብላትም ያልሆነ ነቀዝ የበላው ሳይሻግት ይሰጣል፤ የሻገተው ግን ይጣላል። ፋጉሎም ሲገዙ ይሰብሩትና ያሽቱት።

የሀበሻዋ ጓሮ ጭራ፣ ትል ለቅማ፣ ማታ አንድ እፍኝ ጥሬ ከተጨመረላት ኑሮዋን ትገፋለች። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያም ትታቀፋለች። ቦቫንስ በጥሩ አያያዝ በዓመት ወደ 300 ትጠጋለች፤ ለዚህ ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። እሷን «ጭራ ትብላ» ብለው ጓሮ ቢለቋት ከሀበሻዋ ያልተሻለች ዶሮ ትሆናለች። ሳሶ መሀል ነው። ይጥላል፣ ሥጋም ይይዛል፣ ጭሮ መብላትም አይጠላም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንቁላሉን ከቦቫንስ፣ ሥጋውን ከሳሶ፣ ጫጩቱን ከሀበሻ እጠብቃለሁ። ከሦስቱም ሁሉንም መጠበቅ ነው ሰውን የሚያስመርረው።

አሁን ግንቦት ነው፤ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። በዚህ ወቅት ፈንግል እንደሚበረታ እናቶቻችንም ያውቁታል። ስለዚህ ጤነኞቹን የሀበሾች ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስከትቡ። ቢሾፍቱ የሚመረት፣ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ የተሻለ የፈንግል ክትባት አለ። በዓይን አንድ ጠብታ ነው። ጠብ ካደረጉ በኋላ ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ ይዘው ይጠብቁ፤ ቶሎ ከለቀቋት ራሷን ነቅንቃ ትደፋዋለች። በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። ለወጣቶቹ የሸጠልዎትን አሳዳጊ የክትባት ካርድ ይጠይቁ። የፈንግልና የጉምቦሮ (ሌላው የወጣት ዶሮ በሽታ) ክትባት መቼ እንደተሰጣቸው ይይዛል፤ ቀጣዩን ክትባት የወረዳው ባለሙያ በዚያ መሠረት ይነግርዎታል። እስኪያገግሙ ግን አይከተቡ። የታመመ ዶሮ ተከትቦ አይጠቀምም።

አንድ የክትባት ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ ነው የሚዘጋጀው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ አያድርም። ለስምንት ዶሮ ከፍቶ ቀሪውን መድፋት ያሳዝናል። ሠፈርዎን ያስተባብሩ። ቡና ላይ ይንገሯቸው። የጎረቤት ዶሮ አጥር አታውቅም፤ የእሷ አለመከተብ የእርስዎም ችግር ነው። በዓል ሲመጣም ልብ ይበሉ። ከገበያ የተገዛ የዕርድ ዶሮ እስኪታረድ ድረስ ከዶሮዎችዎ ጋር አይደር፤ ላባውና ሆድ ዕቃው ጓሮ አይጣል። ፈንግል በየሠፈሩ የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው። ወደፊትም አዲስ ዶሮ ሲገዙ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ከነባሮቹ ራቅ ባለ ቦታ ያቆዩ። ውኃና መኖም መጀመሪያ ለነባሮቹ፣ ከዚያ ለአዲሶቹ ይስጡ።

የክረምቱ ሌላው ጣጣ ጭቃው ነው። ሰው ብርድ ፈርቶ የዶሮ ቤቱን መስኮት ይደፍናል። ዶሮን ብርድ ብቻውን ብዙም አያሸንፋትም፤ እርጥበትና የኩስ ጠረን ነው የሚያሸንፋት። ማለዳ በር ሲከፍቱ ጎንበስ ብለው በዶሮ ቁመት ያሽትቱ። ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት አየሩ ተበላሽቷል። ግድግዳው ከላይ፣ ጣሪያው ሥር ዙሪያውን ክፍት ይሁን፤ ከታች ይደፈን። ክፍቱን ግን በጥብቅ ወንፊት ይሸፍኑት፤ ሸለምጥማጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ሰውነቷም ያልፋል፣ አንድ ሌሊት ገብታም ብዙ ታጠፋለች። ጓሮው ሲጨቀይ ዶሮዎቹ አፈር መታጠቢያ ያጣሉ። ቤት ውስጥ በአሮጌ ሳፋ ደረቅ አፈርና አመድ ቀላቅለው ያስቀምጡላቸው፤ ቅማሉን ያራግፉበታል።

ስለ አውራዎቹ ደግሞ አሁኑኑ ያስቡበት። ሳሶ ጾታው ሳይለይ ከተሸጠልዎ ከቀሩት 12 ግማሽ ያህሉ አውራ ይወጣሉ። ለ22 እንስት ሁለት ወይም ሦስት አውራ ይበቃል። ትርፎቹ እርስ በርስ ይቧቀሳሉ፣ ያንን የሀበሻ አውራ ያሳድዳሉ፣ ትንንሾቹን የሀበሻ ዶሮዎችም በክብደታቸው ጀርባቸውን ይልጣሉ። ለእንቁጣጣሽ አምስት ወር ያልፋቸዋል፤ ያኔ ይሽጧቸው። የሀበሻውን አውራ ግን አይሽጡ። የደንበኞች ዓይን እሱ ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ ለዶሮ ወጥ የሀበሻ ዶሮ የሚያስከፍለውን ዋጋ ያውቁታል። ሆኖም ከቦቫንስና ከሳሶ እንስት ጋር ቢገናኝ ጫጩቶቹ ከእናታቸው ጠንካሮች፣ ከአባታቸው ወገን ደግሞ የበለጠ ጣዮች ይሆናሉ። ከእነዚያ ልጆች እንደገና ቢያስፈለፍሉ ግን ጥራቱ ይበታተናል፤ ቦቫንስ ራሷ ድቅል ስለሆነች የእሷን መሰል ከእንቁላሏ አያገኙም። የአካባቢያችን ዝርያ ደግሞ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። አገር ውስጥ ከተጠኑት የዶሮ ዓይነቶች አንዱ ስሙን ያገኘው እዚያው እናንተ ጎረቤት ካለችው ከቲሊሊ ነው።

የቀረችው ታቃፊዋ ናት። ያ ቤት አሁን በበሽታው ተበክሏል፤ ጫጩት እዚያ መፈልፈል የለበትም። ማታ በባትሪ ወይም በስልክ መብራት እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ይዩ። ሳምንት ከሞላቸው በውስጣቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች ከአንድ ጥቁር ነጥብ ዙሪያ ተሰራጭተው ይታያሉ። ይህ ካለ ሥራዋን አያቋርጧት። በጨለማ ከነጎጆዋ አንስተው ማጀት ጥግ ያስገቧት፤ እንቁላሎቹን በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው፣ 21 ቀኗን ትጨርስ። ጫጩቶቹን ክረምቱን ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ ላይ ይያዟቸው። ጥርት ያለ ከሆነ ግን፣ ወይ ገና ነው ወይ ውኃ እንቁላል ነው፤ መታቀፏን ያስተዋት። ውኃ ውስጥ መንከር፣ አፍንጫዋ ላይ ላባ መሰካት፣ ቁልቁል ማንጠልጠል ሥቃይ ነው፤ አያስፈልግም። ከሥሩ ንፋስ የሚያስገባ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ፣ ጭድ ሳይነጠፍላት፣ ውኃና እህሏን ሰጥተው ከሦስት እስከ አራት ቀን ያቆዩዋት። ሆዷ ሲቀዘቅዝ ትተዋለች።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዐቢይ ጾምን ይጠብቁ። በጾሙ እንቁላል ገዢ ያጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ያኔ ከሳምንት ያልበለጠ፣ ቀዝቃዛ ቦታ በሹሉ በኩል ወደ ታች የተቀመጠ የቦቫንስና የሳሶ እንቁላል ለሀበሻዋ ያሳቅፏት። የራሷን እስከ 13 ትችላለች፤ ትልልቁን ግን ከ8 እስከ 10 ቢሆን ነው ሁሉም ሥሯ የሚገባው። የካቲት ላይ የታቀፈች መጋቢት ላይ ትፈለፍላለች፤ ሰኔ ሲገባ ጫጩቶቹ ላባቸውን ጨርሰው፣ ክትባታቸውንም አግኝተው ይጠብቁታል።